ከፊልሙ የተቆረጠችው ዱዳ

ከሆሳዕና በወጣሁበት ማታ ልጄን ትግስትን አስተኝቼ «ነገ ማልጄ ጃጁራ ገበያ እሄዳለሁ» አልኳት። ለእናቴ አደራ ብዬ፣ የበሩን መዘጋት ሁለቴ ነካክቼ አይቼ ወጣሁ። ጥንቁቅ ሴት ነኝ፤ ደላላውን እንኳ የመኪናው ፍሬን ይሠራ እንደሆነ ጠይቄዋለሁ። «ካርቱም ድረስ ይበቃል» አለኝ።

ካርቱም ቤት ያከራየችኝ ሐዋ የምትባል ባሏ የሞተባት ሱዳናዊት ናት። ገና በሩ ላይ «ክርስቲያን ነሽ፤ እቤቴ አሳማ እንዳትቀቅዪ» አለችኝ። እኛ አገር አሳማ እንሰት ሲያጠፋብን ከማባረር በቀር ሌላ ትውውቅ እንደሌለን አስረዳኋት። ኪስራ የሚሉት ስስ ቂጣቸው ቆጮ ለለመደ ሰው ጨርቅ እንደማኘክ ነው። ሐዋ ስትታመም ከአገሬ በቋጠርኳት ቡላ ገንፎ ሠራሁላት፤ ስትድን ጨው አንሶት ነበር አለችኝ። እንዲህ ተዋደድን።

ጦርነቱ ሲጀመር ትግስት በስልክ የተኩሱን ድምፅ ሰምታ ብትጠይቀኝ የሰርግ ርችት ነው አልኳት። ሐዋ ወደ ግብፅ ስትሸሽ እኔንም ይዛኝ ወጣች። መንገድ ላይ ታጣቂዎች የውጭ ሰው እየለዩ ያስወርዱ ስለነበር ዱዳ እህቷ እንድሆን፣ ትንፍሽ እንዳልል አስጠነቀቀችኝ። አንዱ ታጣቂ ለዱዳዋ አዝኖ ተምር ዘረጋልኝ። እኛ ቤት ደግሞ ምግብ ሳይባረክ አይበላም። ዐይኔን ጨፍኜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በሃዲይኛ ጸለይኩ።

ዐይኔን ስገልጥ ጠመንጃው ደረቴ ላይ ነው። ሐዋ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ «እህቴ ተናገረች» ብላ እልል አለች።

«ምን እያለች ነው?» አላት ታጣቂው።

«ገና ጀማሪ ናት።»

ሰውዬው በእሱ ተምር ተአምር የተሠራ መስሎት ነው መሰል፣ ሁለተኛ እፍኝ ጨምሮ አሳለፈን።

ካይሮ ስንደርስ አንድ ፈረንጅ ዳይሬክተር ስለ ጓደኝነታችን ፊልም ሠራ። ይህቺን የዱዳዋን ታሪክ ግን ተመልካች አያምናትም ብሎ ቆረጣት። በምትኩ ፀሐይ ስትጠልቅ አባይ ዳር አስተቃቅፎ ቀረጸን፤ ሐዋ ጀርባዬን እየቆነጠጠች «አልቅሺ እንጂ፣ ስደተኛ ነሽ» ትለኛለች። ፊልሙ ቪዛ አግኝቶ አውሮፓ ሄደ። እኛ እዚሁ ነን።

የአገሬ ልጆች፣ የፊልሙ ቅንጫቢ እናንተም ዘንድ ደርሶ ይሆናል። ትግስት ጋ ደርሷል። ትናንት ደወለችልኝ። «እማዬ፣ እንዲህ እያማረብሽ ነው የደበቅሽኝ? እኔም እመጣለሁ» አለችኝ። በረሃውን፣ ጠመንጃውን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላት።

ሳቀች። «ርችት ነው አላልሽም ነበር?»

ሐዋ ስልኩን ነጠቀችኝ። ከእኔ የተማረችው አማርኛ የቁጣ ብቻ ነው። «ተይ። ቁጭ በይ። ሞት አለ» አለቻት።

ከትግስት ኋላ አንድ የመኪና ረዳት «አዲስ አበባ የቀረው አንድ ሰው» እያለ ይጣራል። ስልኩን ተቀብዬ የት እንዳለች ጠየቅኳት።

«ጃጁራ ገበያ ነኝ፣ እማዬ» አለችኝ።