በጓደኛዬ ፍርድ ላይ የጻፍኩት ይግባኝ

ለዕጩ ዳኝነት መጀመሪያ የተወዳደርነው አብረን ነው። ወልቂጤ ሕግ ስንማር አንድ ዶርም ነበርን፤ እሷ የእንሴኖ፣ እኔ የቡታጅራ ልጅ። የውል ሕግ አልገባ ሲላት ቁጭ አድርጌ ያስረዳኋት እኔ ነኝ። የጽሑፍ ፈተናውን ሁለታችንም አለፍን። ቃለ መጠይቁን ግን እሷ አለፈች፣ እኔ ወደቅሁ።

ደውላ ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር። ለእኔ ስትል ደስታዋን እየደበቀች መሆኑ ገባኝ፤ እሱ ደግሞ ይብስ አንገበገበኝ። «እንኳን ደስ አለሽ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ራሴ መውደቅ ማሰብ እንኳ አልቻልኩም። ምን ብላ መለሰች? ምን ለብሳ ገባች? ለእኔ ፊታቸውን ያጠቆሩት ጠያቂዎች ለእሷ ፈገግ ብለው ይሆን?

በሚቀጥለው ዓመት ለዐቃቤ ሕግነት ተወዳደርኩ፤ አልሆነም። እንደገና ለዳኝነት፤ አሁንም አልሆነም። ወልቂጤ ተፈትኜ በተመለስኩ ቁጥር እናቴ ፊቴን ታይና ምንም ሳትጠይቀኝ ምሳ ታቀርባለች። በመጨረሻ ቡታጅራ አንድ አዛውንት ጠበቃ ቢሮ በረዳትነት ገባሁ።

ይባስ ብሎ ጓደኛዬን እዚያው ቡታጅራ መደቧት። ጠዋት ጠዋት ከቢሯችን ፊት ለፊት፣ ፍርድ ቤቱ ደጅ ከባጃጅ ስትወርድ በመስኮት አያታለሁ። ባለጉዳዮች ከመቀመጫቸው ይነሱላታል። እናቴ «ያቺ ጓደኛሽ ዳኛ ሆና መጥታ የለ? ምነው ቤት አታመጫትም?» ስትለኝ «ሥራ ይበዛባታል» አልኩ። ሥራ የበዛባት እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በእንሰት ማሳዋ ድንበር ከጎረቤቷ ጋር ተከራክራ ተፈርዶባት ወደ ቢሯችን መጣች። ፍርዱን ተቀብዬ መጀመሪያ ያየሁት መጨረሻውን ነው፤ የጓደኛዬ ፊርማ አለበት። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። እውነቱን ለመናገር የሴትየዋን መብት አይደለም የፈለግኩት፤ የጓደኛዬን ስህተት ነው። አገኘሁትም። የሴትየዋ ዋና ምስክር ታሞ ቀርቶ ሌላ ቀጠሮ ብትጠይቅ፣ ዳኛዋ ከልክላ ፈርዳለች።

ይግባኙን የጻፍኩበትን ደስታ አልረሳውም። አዛውንቱ ጠበቃ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ነገሩ ልክ ነው። ግን ዳኛዋን ሳይሆን ፍርዱን ንቀፊ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩና የሚያቆስሉትን ቃላት አወጣሁ። እሳቸው ፈርመው ገባ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ምስክሩ ተሰምቶ እንደገና እንዲወሰን መዝገቡን መለሰው። ሴትየዋ እጄን ይዛ አለቀሰች። እኔ ግን የጠበቅኩት ደስታ አልመጣልኝም።

በዚያው ሳምንት ጓደኛዬ ቢሮ ድረስ መጣች። «አሰላሙ አለይኩም» ብላ ለአዛውንቱ ሰላምታ ሰጠችና ደጅ አስወጣችኝ።

«የጻፍሽው አንቺ ነሽ አይደል? አጫጭር አድርገሽ ነው የምትጽፊው፤ ድሮም እንደዚሁ ነሽ።»

«ተናደድሽ?»

«በጣም። ከዚያ መዝገቡን ደግሜ አነበብኩት። የተደራረበ መዝገብ ነበረብኝ፣ ቸኮልኩ። ምስክሩን መስማት ነበረብኝ። የዳኝነቱ ወንበር የአንቺ እንደነበር ታስቢያለሽ፣ አይደል?»

«አዎ» አልኳት። መዋሸት አቃተኝ።

«እኔም አንዳንዴ ስፈራ ‹ወንበሩ የእሷ ነበር› እላለሁ» አለች።

ዳኛ ሆና ከመጣች ወዲህ ያየኋት ከባጃጅ ስትወርድ ብቻ ነበር። ትፈራለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

ለዳኝነት መወዳደሬን የተውኩት ከዚያ በኋላ ነው። አዛውንቱ «አንቺ ይግባኝ ትችያለሽ» እያሉ ወተወቱኝና የጥብቅና ፈቃድ ፈተና ተፈተንኩ። መጀመሪያ ወደቅሁ፤ በሚቀጥለው አለፍኩ። አሁን በራሴ ስም እፈርማለሁ።

ቅናቱ ግን ጨርሶ አልለቀቀኝም። በቅርቡ አድጋ ወደ ወልቂጤ መዛወሯን ስትነግረኝ ያችው የድሮዋ እሳት ተመለሰች። «ቀናሁብሽ» አልኳት፣ ፊት ለፊት። ሳቀችና ምሳ ልጋብዝሽ አለችኝ። ቀኑ ረቡዕ ስለነበር እኔ ጾመኛ ነበርኩ፤ እሷም ለእኔ ብላ ሽሮ አዘዘች።