የተበጠሰው ማተብ

ባለፈው ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አቶ ጌታሁን ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ተቀበሩ። የቀኝ ዓይናቸው ሲጠፋ አብረናቸው ከነበርነው ሰዎች ለቀብሩ የተገኘነው ብርቱካንና እኔ ነን።

ያኔ፣ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና ጋዜጠኛ አልሆንኩም፤ ወደብ ላይ ለአንድ ዕቃ አስተላላፊ እሠራ ነበር። አቶ ጌታሁን ካርቲየ 7 ቢስ በሚባል ሰፈር በተከራዩት አንድ ክፍል ዓርብ ዓርብ ለጸሎት እንሰበሰባለን። ከጎረቤት የዓሣ ጥብስ ይሸታል። ሰው እንዳይሰማን በለሆሳስ ነው የምንዘምረው። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ብርቱካን ግን ድምፅ መቀነስ አይሆንላትም።

ሐምሌ ነበር። የከባድ መኪና ሾፌር የሆነው የብርቱካን ወንድም ደምሴ በሩን በእርግጫ ከፈተው፤ ትኩሱ ነፋስ አሸዋ ይዞ አብሮት ገባ። በእጁ የጎማ መፍቻ ብረት ይዟል።

«ወንድምዓለም፣ ቁጭ በል፤ ውሃ ጠጣ» አለች ብርጭቆ አንሥታ።

ብርጭቆውን በብረቱ መታው። ስባሪው ጣቶቿን ተለተላቸው።

«ከጴንጤ እጅ ውሃ አልጠጣም! ማተብሽስ?»

አንገቷ ባዶ ነበር። ለደምሴ ማተብ መበጠስ እናትን ከመካድ አይለይም። እኛ እውነቱን እናውቅ ነበር፤ የአሠሪዎቿን ሕፃን ስታጥብ ጎትቶ በጥሶባታል። ይህን ብቻ ብትናገር ነገሩ እዚያው ባበቃ።

«ሕፃኑ ነው የበጠሰው» አለች። ደምሴ ብረቱን ዝቅ አደረገ። «መልሼ ያላሰርኩት ግን እኔ ነኝ።»

ፀጉሯን ጨብጦ ከግድግዳው ጋር አላተማት። ብረቱን ሲያነሣ አቶ ጌታሁን መሐል ገቡ። ብረቱ ቀኝ ዓይናቸው ላይ አረፈ፤ ድምፁ እርጥብ እንጨት የሚፈለጥ ይመስል ነበር። ዘልዬ ደምሴን ያዝኩት፤ ክርኑ ጥርሴን አወለቀው። አቶ ጌታሁን ፊታቸውን ይዘው፣ ደሙ በጣቶቻቸው መሐል እየወረደ፣ «ልጄ፣ እሷን ተዋት» ይሉ ነበር።

የቤቱ ባለቤት፣ አንዲት የሶማሌ ወይዘሮ፣ ምንጣፉ ላይ ደም ሲያዩ «ኻላስ! በቃ! ዛሬውኑ ልቀቁ!» አሉ። የጸሎት ጉባኤያችን ወደ ባልባላ ሰፈር የሄደው እንዲህ ነው። ዛሬ የጉባኤው ወጣቶች «በራእይ ተመርተው ሄዱ» ሲሉ እሰማለሁ። ያስወጡን ሴትዮዋ ናቸው።

ደምሴ ታስሮ ሲፈታ ወደ አገር ቤት ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም ነበር።

በቀብሩ ዕለት ስብከቱ እስኪያልቅ ድረስ አንድ ሽማግሌ ከመቃብሩ አጥር ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነበር። አንገቱ ላይ ማተብ አለ።

«ደምሴ እኮ ነው» አለችኝ ብርቱካን።

የላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ይዛ ወጣች። ከእጇ ተቀብሎ ጠጣ።