ሁለቴ የቀዘቀዘ ዘር

አዛዡ ከመጋዘኑ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። አንዱ ጠባቂ ከኋላው፣ ሌላው ከብረት በሩ አጠገብ ቆመዋል። ላሟ ከግቢው መካከል ከግንድ ጋር ታስራለች። ባለቤቷ ከላሟ ራስ በኩል ገመዱን ይዛለች፤ እኔ ከጭራዋ በኩል ነኝ። የናይትሮጅን መያዣዬ ከእግሬ ሥር ነበር። ሌሎቹ እስረኞች፣ አሥራ ሰባት ሴቶች፣ መጋዘኑ ውስጥ ናቸው። በቆርቆሮው ቀዳዳ ያዩን የነበረ ይመስለኛል።

ከታሰርኩ አሥራ አንደኛ ቀኔ ነበር። ሥራዬ ላም ማዳቀል ነው። አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ ሠለጠንኩበት፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም አልተውኩትም። የኮርማ ዘር በቀጫጭን ቀሰም ታሽጎ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቀመጣል። ናይትሮጅኑ ከበረዶ እጅግ የበለጠ ይቀዘቅዛል፤ ክዳኑ ሲከፈት ነጭ ጢስ ይወጣዋል። ከጀውሃ በባጃጅ ስመለስ መንገድ ላይ አስቆሙን። ፈታሾቹ ክዳኑን ከፍተው ጢሱን ሲያዩ ሸሹ። ከዚያ አንዱ ተመልሶ በእርግጫ ደፋው። ቀሰሞቹ በቀትር ፀሐይ አስፋልቱ ላይ ተበተኑ። «ለታጣቂዎች ኬሚካል የምታደርስ» ተብሎ ተጻፈብኝ። ቆይተው ቀሰሞቹን ለማስረጃ ብለው ለቀሙና መልሰው ከተቷቸው። ከሥሩ የተረፈ ናይትሮጅን ስለነበር እንደገና ቀዘቀዙ።

መጋዘኑ ማሾና ማሽላ ይከማችበት የነበረ ነው። ወለሉ የነቀዝ መድኃኒት ይሸታል። መስኮት የለውም። ከእኔ አጠገብ የምትተኛው የላሟ ባለቤት ነበረች፤ የቀወት ገበሬ፣ ሙስሊም። «ልጄ የት እንዳለ አላውቅም» ስላለች አሰሯት። ላሟንም አብረው ነድተው አመጧት። ላሟ ለሌላ ሰው ስለማትቆም ጠዋት ጠዋት እያስወጡ ያሳልቧታል። ወተቱን አዛዡ ይጠጣዋል።

የዚያን ዕለት ላሟ ከማለዳ ጀምራ ትጮህ ነበር። ኮርማ ፈልጋለች። ሁለታችንንም ጠሩን።

«የፈረንጅ ጥጃ እፈልጋለሁ» አለኝ አዛዡ። በልጄ ዕድሜ ነው፤ አንቺ ይለኛል። «መያዟ በስንት ቀን ይታወቃል?»

«ካልያዘች በሃያ አንድ ቀን ገደማ እንደገና ትጮሃለች።»

«ጥሩ። አዳቅያትና ዛሬውኑ ቤትሽ ግቢ። ባለቤቷ እዚሁ ሃያ አንድ ቀን ትጠብቅልኛለች። ላሟ ካልጮኸች ሴትዮዋ ትፈታለች።»

«ከጮኸችስ?»

«ያኔ ሌላ ቦታ ወስደን ስለ ልጇ እንጠይቃታለን።»

ከእኛ መካከል ሌላ ቦታ የተወሰዱት ሁለት ነበሩ። አንዷ ተመልሳለች፤ መቀመጥ ግን አትችልም። የቀኑን ቁጥር የሰጠሁት እኔ ነኝ። የጠየቀኝ የሙያ ጥያቄ መስሎኝ ነበር።

«ዘሩ አይሆንም» አልኩ። «ፍተሻው ላይ ቀልጧል።»

አዛዡ ከኋላው ላለው ጠባቂ ምልክት ሰጠው። ጠባቂው ክዳኑን አነሣ።

«ይጨሳል አለቃ!»

«ይጨሳል እኮ፣ አሮጊት» አለኝ አዛዡ።

«የሚጨሰው ናይትሮጅኑ ነው፤ ዘሩ አይደለም።»

«ስለዚህ ሞቷል?»

ሞቷል ብል ይቀል ነበር። «ጥቂቱ ይዋኝ ይሆናል» አልኩ። «ግን እያንዳንዱ ከራሱ ላይ እንደ ቆብ ያለ ነገር አለው። ውስጡ ኢንዛይም አለ፤ የእንቁላሏን ሽፋን የሚያሟሟ። ቆቡ መከፈት ያለበት እንቁላሏ ዘንድ ሲደርስ ነው። ቀልጦ እንደገና ሲቀዘቅዝ ይቀደዳል፤ ኢንዛይሙም ያለ ቦታው ይፈሳል።»

«ገፍቶ አይገባም?»

«ጭራው ይገፋል፤ መግፋቱም ያስፈልጋል። ቆቡ የተበላሸበት ግን ገፍቶ ብቻ አይገባም። ደጅ ላይ ይቀራል።»

ክዳኑን የያዘው ጠባቂ ሳቀ። «እማማ፣ ጥይቱን መንገድ ላይ ጨርሶ ግንባር የደረሰ ወታደር ነው በሉኛ!»

የበሩ ጠባቂም ሳቀ። አዛዡ ዞር ብሎ ክዳኑን የያዘውን አየው።

«ሚስትህ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልያዘችው ለዚህ ነዋ» አለው። «ቆብህን የት ጥለኸው ነው?»

ሰውየው ክዳኑን ገጠመው።

«ትምህርቱ አበቃ» አለ አዛዡ። «የማትወልድ ከሆነ ለምሳ ትታረዳለች። ምረጪ።»

እምቢ ብል ላሟ አሁኑኑ ትታረዳለች፤ እሺ ብል እኔ ቤቴ እገባለሁ፣ ሴትዮዋ ደግሞ ከሃያ አንድ ቀን በኋላ በእኔ ሥራ ትጠየቃለች። የደም ግፊት መድኃኒቴ ካለቀ ሰንብቷል። ቤቴን አሰብኩ። ማሰቤን አልክድም።

ሴትዮዋ ከላሟ ራስ በኩል ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ ያድርጉላት» አለች። «በአላህ ይዤዎታለሁ። ሃያ አንድ ቀንም ቀን ነው።»

ከአዛዡ ፔርሙዝ ሙቅ ውኃ ቀዳሁ። ቴርሞሜትሬን ሰብረውታል፤ በጣቴ እየለካሁ በቀዝቃዛ አለዘብኩት። ቀሰሙን ነከርኩ፣ ጠረግሁ፣ ጫፉን ቆረጥኩ። ሴትዮዋ ቢስሚላህ አለችና የላሟን ግንባር በደረቷ ደገፈች። ላሟ ጸጥ ብላ ቆመች። ስንት ላም እንዳዳቀልኩ አላስታውስም፤ እንደማይሆን እያወቅሁ ያስገባሁት ግን ያን ብቻ ነው።

ላሟ በሃያኛው ቀን እንደጮኸች ኋላ ሰምቻለሁ። ስለ ባለቤቷ ሁለት ዓይነት ወሬ ደርሶኛል። አንዱን ማመን እፈልጋለሁ። ዛሬም በዚያ መንገድ አልፋለሁ፤ ወርጄ ግን ጠይቄ አላውቅም።

አዳቃይ ሥራውን ሲጨርስ ካርድ ይጽፋል። የኮርማው ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት፣ የባለሙያው ፊርማ ይሰፍርበታል። ካርድ ሳልጽፍ ከበረት ወጥቼ አላውቅም። ያን ዕለትም ከቦርሳዬ አንድ አወጣሁና በመያዣው ክዳን ላይ አስደግፌ ሁሉንም በየቦታው ሞላሁ። ከታች ባለው ክፍት ቦታ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ዘሩ በፍተሻ ላይ ተደፍቶ የቀለጠና እንደገና የቀዘቀዘ ነው። ይህንን አስቀድሜ ተናግሬአለሁ። ላሟ ባትይዝ ጥፋቱ የባለቤቷ አይደለም።» ፈረምኩበት።

አዛዡ እጁን ዘረጋ። «አምጪው።»

«ካርዱ የሚሰጠው ለላሟ ባለቤት ነው» አልኩ።

ወደ ላሟ ራስ ሄድኩና ለሴትዮዋ ሰጠኋት። ማንበብ አትችልም። ገመዱን በክንዷ ላይ አድርጋ ካርዱን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

አዛዡ የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። ከዚያ ወደ በሩ ጠባቂ ዞረ።

«አውጣት።»

ጠባቂው የብረት በሩን ከፈተ። መያዣዬን አንሥቼ ወጣሁ።