አባቴ ስለ ዛፉ የተናገረው

ባለፈው ሳምንት ስለ አሜሪካውያን የተፈጥሮ ግጥሞች የጻፍኩት ወረቀት ተመለሰልኝ። ፕሮፌሰሩ ከላይ በእርሳስ «ዛፉን መጀመሪያ እንደ ዛፍ ታይዋለሽ፤ ይህ ብዙ ተማሪ ላይ የማላገኘው ነገር ነው» ብሎ ጽፎበታል። ገና የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ መጻፍ እንደምችል ያወቅኩትም በቅርብ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ሦስቴ አነበብኩት። አጠገቤ የተቀመጡትን የማላውቃቸውን ሴትዮ ራሱ «ይዩልኝማ!» ልላቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ደስታዬ ዶን ቫሊ የሚባለውን ሸለቆ እስክንሻገር ቆየ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዛፍን መጀመሪያ እንደ ዛፍ ማየት የእኔ አልነበረም። የአባቴ ነበር።

ይህን ሲያሳየኝ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ፤ ቶሮንቶ ከገባን ሁለት ዓመት አልሞላንም። የምንኖረው ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ አስራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሊፍቱ የጎረቤቱን ሁሉ እራት ይሸታል፤ የአንዱ ካሪ፣ የአንዱ የተጠበሰ ዓሣ፣ የእኛ ቁሌት። አባቴ የደን ባለሙያ ነው። ነበር ልበል? አገር ቤት ዕድሜውን ችግኝ ሲያፈላና ደን ሲለካ ነው የኖረው። ካናዳም በባለሙያነቱ ተቀብላ አስገባችው፤ ከገባ በኋላ ግን ሙያውን የጠየቀው ሰው የለም። ኢቶቢኮ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ አንድ የዕቃ ማከማቻ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ያሽግ ነበር። መጀመሪያ አካባቢ «ካርቶኑም እኮ ዛፍ ነበር» እያለ ይቀልድ ነበር።

እሑድ እሑድ ከቸርች ስንመለስ እኔና እሱ ወደ ሸለቆው እንወርዳለን። ቅርፊት በጥፍሩ ይፍቃል፣ ያሸታል፣ «እስቲ አንቺም አሽቺው» ይለኛል። ጭቃ ጫማችንን ይዘን ስንገባ እናቴ በር ላይ ቆማ፦

«የደን ሚኒስትሩ ከመስክ ተመለሱ?» ትለዋለች።

«ተመልሰናል። ምሳ ይቅረብልን» ይላል እሱም፣ ደረቱን ነፍቶ።

በእነዚያ ቀናት ቁመቱ ራሱ የሚጨምር ይመስለኝ ነበር። ሰኞ ደግሞ ሽሮውን በቴርሞስ ይዞ፣ ሁለት አውቶቡስና አንድ ባቡር ቀያይሮ ካርቶኑ ጋ ይሄዳል።

ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን አንድ አሜሪካዊ የጻፈውን ግጥም ሰጠችን። አንድ ገበሬ በየማለዳው ወደ ከብቶቹ ሲሄድ በአንድ ወጣት ኦክ ዛፍ ሥር ያልፋል። ሌሎቹ ዛፎች ሁሉ እርቃናቸውን ሲቀሩ ይህ ዛፍ ደረቅ ቅጠሉን አላራግፍም ብሎ በበረዶ መሃል ይንኮሻኮሻል። ገበሬው ቆሞ ይሰማና መንገዱን ይቀጥላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ከግጥሙ ጋር የምልክቶች ዝርዝር ተያይዞ ነበር፦ ወንዝ ጊዜ ነው፣ ወፍ ነፃነት ነው፣ ዊንተር ሞት ነው። (ክረምት ሲባል አረንጓዴ ለሚታየው ለአባቴ ይቺኛዋ አልተዋጠችለትም።)

ማታ ወረቀቱን ዘርግቼ «አባዬ፣ ይሄ ዛፍ ምን ማለት ነው?» አልኩት። ዓይኑ ሲበራ አሁንም ይታየኛል። እርሳሴን ቀምቶኝ ሣለልኝ፤ ቅጠሉን፣ የቅጠሉን እግር፣ ከሥሩ የተሸሸገችውን ትንሽ እምቡጥ። እሱ የነገረኝን ሁሉ ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስ ዳር ላይ በቀይ «ይህ ሳይንስ ነው። የዛፉ ትርጉም ምንድን ነው?» የሚል ነበረበት። ውጤቱን ለክፍል ጓደኞቼ አላሳየሁም። አባቴን ግን ተቆጣሁት። «እዚህ አገር እንደዛ አይደለም የሚታሰበው» አልኩት።

«እንግዲያው መምህርቷን እናነጋግራታለን» አለ፤ ሳይከፋው።

የወላጆች ቀን በዚያው ሳምንት ነበር። ግማሽ ቀን አስፈቅዶ መጣ። ከአዲስ አበባ ያመጣውን ግራጫ ኮት ለብሷል። በእጁ ደግሞ በነፃ በሚታደል ጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል፤ ደረቅ ቅጠሉ ያልረገፈ የኦክ ቅርንጫፍ! ሸለቆው ወርዶ ቆርጦ ነው። የስፖርት አዳራሹ ውስጥ በየጠረጴዛው ወረፋ ነበር። ከኋላችን የክፍሌ ልጅ ከእናቷ ጋር ቆማ ቅርንጫፉን አየችና ከንፈሯን ነክሳ ሳቀች። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

አባቴ በእንግሊዝኛ ጀመረ። መምህርቷ «ይቅርታ?» አለችው። ደገመው። እንደገና «ይቅርታ?» አለች፤ በትሕትና ነው፣ ግን አልገባትም። ወደ እኔ ዞረ።

«ሊዲያ፣ በአማርኛ ልናገርና አንቺ አስረጂያት።»

ቅርንጫፉን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ አንዱን ቅጠል በጣቱ ቀስ አድርጎ ገለጥ አደረገው።

«ይቺን እምቡጥ ታያታለሽ? ቅጠሉ ጊዜው እንዳለፈ ሳይገባው ቀርቶ አይደለም እዚህ የቆየው በያት። ብርዱ እንዳያደርቃት፣ አጋዘን እንዳይበላት ነው። የእሱ ነገር አልቋል፤ ከእንግዲህ አይለመልምም። የቆየው ለሷ ነው። ጸደይ ሲመጣ እሷው ገፍታ ትጥለዋለች፤ እሱም ይወድቃል፣ ቅርም አይለውም። እኔ ትርጉሙ ይሄ ይመስለኛል በያት።»

መምህርቷ ፈገግ ብላ እኔን ትጠብቃለች። ከኋላ ልጅቷ ለእናቷ የሆነ ነገር አንሾካሾከች።

«አመሰግናለሁ ይላል። ወደፊት ጠንክሬ እንድሠራ ይፈልጋል» አልኳት።

«እንዴት ደስ የሚል አባት አለሽ!» አለች።

አባቴ አየኝ። ለትንሽ ጊዜ ነው ያየኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ በእንግሊዝኛ፣ እያንዳንዱን ቃል ለይቶ እያስቀመጠ፣ «አመሰግናለሁ። ልጄ በጣም ጥሩ አስተርጓሚ ናት» አላት። ይህን ግን በአንዴ ሰማችው።

ለሰው የማይገባው የአነጋገሩ ቅላጼ እንጂ እሱ እንግሊዝኛ የማያውቅ እንዳልነበረ እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ ዓመታት ሙሉ የተማረው፣ ሪፖርቱን ሁሉ ሲጽፍ የኖረው በእንግሊዝኛ ነበር። ያልኩትን አንድ ቃል ሳያመልጠው ሰምቷል።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ መንገዱ በረዶ እንዲያሟሟ የተበተነበትን ጨው ይሸት ነበር።

«ሰው ወረፋ እየጠበቀ ነበር እኮ፣ አባዬ» አልኩት።

«አዎ። አስረዘምኩት» አለ።

ወረቀቱን እንደገና ጻፍኩት። ዛፉ ጊዜው ማለፉን መቀበል ያቃተው፣ ያበቃለትን ነገር ሙጭጭ ብሎ የያዘ ሰው ምልክት ነው አልኩ። አስተማሪዬ ወደደችው፤ ለክፍሉ አነበበችው። እናቴም እንግሊዝኛውን በወጉ ሳታነበው ፍሪጅ ላይ ለጠፈችው። አንድ ጠዋት ከመኝታ ቤት ስወጣ አባቴ ወተት እንደያዘ ቆሞ ሲያነበው ደረስኩ። እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ «ጎበዝ» አለኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ኦቨርታይም ያዘ። የዚያ ሳምንት ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን እሑድ የሥራ ቀን ሆኖ ቀረ። እናቴ ጥቂት ሳምንት «ሚኒስትሩ ዛሬም መስክ የለዎትም?» አለችው። ከዚያ እሷም ተወችው።

ትናንት ያን ቀን የተናገረውን ሁሉ ከአጋዘኑ ጀምሮ ምንም ሳላስቀር በእንግሊዝኛ ጻፍኩት። ጥሩ አድርጌ ነው የጻፍኩት፤ ይህን ለማለት አላፍርም። ወደ ሥራ ሊወጣ ጫማውን ሲያስር ፊቱ ተቀምጬ አነበብኩለት። አንድ ቃል አረመልኝ። የአንዱን ጫማ ክር ቋጥሮ ሲጨርስ፦

«ጥሩ ነው። አሁን ግን ለማን ይሆናል?» አለኝ።

«ለእኔ» ማለት ነበረብኝ። ሁለተኛውን ጫማ አስሮ ከወጣ በኋላ ነው የመጣልኝ። እንግዲህ እኔ እንዲህ ነኝ፤ ወረቀት ላይ የማይጠፋኝ ቃል እሱ ፊት ስሆን ይጠፋኛል። ያን ቀን ለመምህርቷ የተናገረ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው እሷ ሰማችም አልሰማችም ግድ አልነበረውም፤ እኔ በአፌ እንድለው ነበር የፈለገው።

በመስኮት ቁልቁል አየሁት። ፌርማታው ዳርና ዳር በዛፍ የተሞላ ነው። አውቶቡሱ እስኪመጣ ድረስ መሃላቸው ቆሞ ስልኩን ይነካካ ነበር፤ ቀና ብሎ አንዱንም አላያቸውም።