የዘበኛው መርዶ

ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ሰባት ሆነን የእትዬ የሺን በር አንኳኳን... ከሰባታችን አንዱም ያሰበው አልሆነም።

ከሥሩ ልጀምር። ዕቃ ልገዛ አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር የማርፍበት ሆቴል ቴሌቪዥን አለው። እዚያ ላይ ዘበኛ ሆኖ የሚጫወት አንድ ተዋናይ ነበር። በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ዘበኛው» ነው የሚለው። እትዬ የሺ አምና ለልቧ ሕክምና አራት ወር እህቷ ቤት ስትቀመጥ አየችው፣ ወደደችው። አሁን ወደ ከተማችን ወደ ሆሳዕና ተመልሳ ምግብ ቤቷን ከፍታ ትሠራለች። ቴሌቪዥን ደግሞ እኛ ጋ አይደርስም። ስለዚህ አቡጀዲዬን ከመኪና ሳላወርድ ትይዘኛለች።

«ዘበኛውስ ምን ሆነ?»

«ጌታው አባረረው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሄደ።»

«ሂድ ወዲያ! አንተ ስታወራ እኮ ጨርቅ የምትለካ ነው የምትመስለው። ሲባረር ምን አለ? ኮፍያውን አወለቀ?»

አሳጥሬ የነገርኳት ቀን ወጡም ያጥራል። እኔም እየቆየሁ ቴሌቪዥኑን በጥሞና ማየት ጀመርኩ።

በዚህኛው ጉዞዬ ግን ዘበኛው ሞተ፤ በጨዋታው ሳይሆን የእውነት። ድንገት ነው፤ ልቡ ነው አሉ በዜና። አስተናጋጁ ትሪውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እኔ ለማላውቀው ሰው ማልቀስ ልማዴ አይደለም... ቢሆንም ምሳዬን አልጨረስኩትም።

መንገዱን ሁሉ ሳሰላ መጣሁ። ሐኪሙ «ድንገተኛ ወሬ እንዳትሰማ» ብሏታል። ሻንጣዬ ውስጥ ደግሞ ግዛልኝ ያለችኝ የሬዲዮ ድንጋይ አለ። ድንጋዩን ካገኘች ሬዲዮው ራሱ ይነግራታል፣ ያውም ብቻዋን እያለች።

«ድንጋዩስ?» አለችኝ ገና ከመኪና ስወርድ።

«ረሳሁት።»

«አንተ? ዕቃ ረሳህ?» ብላ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ነጋዴ መሆን ለውሸት አይመችም።

ሮጬ የነፍስ አባቷን መምሬ ገላውንና ጎረቤቷን አቶ ላምቤቦን አማከርኩ። አቶ ላምቤቦ የጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱ በጾሙም በበዓሉም ተስማምተው አያውቁም።

«እኔው ምሳ ልበላ ስገባ ቀስ ብዬ ልንገራት» አልኩ።

«አንተ? ቀስ?» አሉ አቶ ላምቤቦ። «በሬ ሲወድቅ እንኳ ካንተ ቀስ ይላል!»

መምሬም ሳቁ። በአንድ ቃል ተስማሙብኝ፦ ሴትዮዋ ሕመምተኛ ናት፣ ሰውየውንም እንደ ወንድም ትወደዋለች፤ ስለዚህ መርዶው እንደ ወጉ ይሁን። ጎህ ሳይቀድ፣ በሽማግሌ፣ ጎረቤትም አጥር ሥር ቆይቶ፣ ጩኸት ሲሰማ ገብቶ ያስተዛዝን። ለጥንቃቄ የጤና ጣቢያው ድሬሰርም መርፌውን ይዞ ይምጣ።

እንዲህ ተሰናድተን፣ ሦስት ሽማግሌዎች ጨምረን ነው ዛሬ የሄድነው።

ፋኖስ ይዛ ከፈተች። መምሬን አየች፣ መስቀላቸውን አየች። አቶ ላምቤቦ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ከኋላ የድሬሰሩ ቦርሳ አለ። ፊቷ አመድ መሰለ።

ያኔ ነው የገባኝ። የእትዬ የሺ አንድ ልጇ ታደሰ ወታደር ነው... ኦጋዴን። የወታደር እናት በር በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ሁሉ ሽማግሌ ሲንኳኳ ምን እንደሚመስል አንዳችንም አላሰብንም።

«ታዴ ነው?» አለች።

መርዶ ነጋሪ ደግሞ በቀጥታ አይመልስም። መምሬ «ልጄ፣ ሰው ከአፈር ነው...» ብለው ጀመሩ።

«ታዴ ነው ወይ?»

«ጌታ ሰጠ...» ብለው አቶ ላምቤቦ ቀጠሉ። ሁለቱ በሃይማኖት እንዲህ ሲደጋገፉ አይቼ አላውቅም። ባጽናኗት ቁጥር ሴትዮዋ ወደ መሬት ትወርዳለች። እጇ ወደ ደረቷ ሄደ። ድሬሰሩ ቦርሳውን ሲከፍት አየሁ። ወጉን ተውኩትና ጮህኩ።

«እትዬ የሺ! ታደሰ ደህና ነው! የሞተው ዘበኛው ነው!»

«የቱ ዘበኛ?»

«የቴሌቪዥኑ!»

እትዬ የሺ እልልልል አለች።

አጥር ሥር የነበሩት ሴቶች ጩኸት ሲጠብቁ የቆዩ ናቸው። ግማሾቹ ድምፅ እንደሰሙ «ወይኔ! ወይኔ!» ብለው ገቡ። ሌሎቹ ደግሞ እልልታውን ተቀበሉ። አንዷማ ነጠላዋን እያስተካከለች «ታደሰ አገባ እንዴ? የማን ልጅ ናት?» ትላለች።

ያኔ እትዬ የሺ ራሷን ሰማች። አፏን በእጇ ከደነች።

«ምን አደረግሁ? በሞተ ሰው እልል አልኩ?»

ደፍ ላይ ተቀመጠች። «ምን ገደለው?»

«ልቡ ነው አሉ። ድንገት።»

«ልቡን ያመው ነበር?» አለች ቀና ብላ። «እኔ ልቤን አሞኝ እሱን እያየሁ ስስቅ... እሱም ያመው ነበር?»

ከዚያ አለቀሰች። የእውነት ለቅሶ ነበር፤ እኛም አብረን አለቀስን፣ መልኩን አይተው የማያውቁት ሽማግሌዎችም ጭምር። ድሬሰሩ እጇን ይዞ ትርታዋን ቆጠረና «ደህና ነው» አለ። አቶ ላምቤቦ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ላባቸውን እየጠረጉ ነበር።

«እሷን ከጨረስክ» አሉት፣ «እስቲ የኔንም እየው።»

እስከ እኩለ ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። ከሆመቾ ለገበያ የመጡ ሰዎች «ምንሽ ነው?» ሲሏት «ወንድሜ» አለች።

ቤቴ እንደገባሁ ለባለቤቴ የነገርኳት ይህን ነው፦ ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌ በር ካንኳኳ፣ አጥር ውጭ አቁመሽ መጀመሪያ የሟቹን ስም ተቀበዪ... ወጉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።