ከቡታጅራ ይዤው የመጣሁት እምቢታ

የልጅ ልጄ ሣራ ከኮሌጅ ከወጣች ወዲህ እግሯ አያርፍም። የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ በየኩባንያው አክሲዮን ላይ የሚያውል አንድ ድርጅት ለሥራ ጠርቶ አነጋግሯት፣ «እናሳውቅሻለን» ብሎ ሰዷታል። ከሳሎን ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ሳሎን ትመላለሳለች። ምሳዋንም ነካ ነካ አድርጋ ተወችው። ሳያት የራሴ ወጣትነት ትዝ አለኝ፤ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ እኔም ለእንዲህ ያለ ሥራ ደጅ ጠንቻለሁና።

በተመረቅሁበት ዓመት አንድ ባንክ ተቀብሎኝ ነበር። አባቴ ቡታጅራ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጥ ስለነበር ወሬውን ላገኘው ሁሉ አዳርሷል። እኔን ግን የባንክ ወንበር አልሳበኝም። አንድ መምህራችን ብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት እያዋጣ እንዴት የፋብሪካ ባለቤት እንደሚሆን ካስረዱን ወዲህ ልቤ እዚያ ቀርቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የሚሠራ አነስተኛ ኩባንያ ስለነበር፣ ሥራ አስኪያጁን አቶ ዘውዱን እየተመላለስሁ አሰለቸኋቸው።

«ከእኛ ድርሻ የሚገዛው የአዲስ አበባ ሰው ብቻ ነው» አሉኝ በመጨረሻ። «የአገርህን ነጋዴ አሳምነህ ና፤ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

ባንኩ ደግሞ ሰኞ ሥራ ጀምር ብሎኛል። ካልቀረብሁ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። በዚያው ሳምንት አውቶቡስ ተሳፈርሁ። መንገዱን የአገሩ ሰው ገንዘብ አዋጥቶ ነው ያስጠረገው፤ አቧራው በመስኮት እየገባ ፀጉራችንን አነጣው። ወሩ ኅዳር ነበር። ጥያን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ በየደጁ የተሰጣው በርበሬ መሬቱን አቅልቶታል።

ቤት ስደርስ እናቴ ትኩስ ቆጮ በአይብና በጎመን አቀረበችልኝ። አባቴ ሙሉ ልብስ ይዞ መጣ።

«ለባንኩ ያሰፋሁልህ ነው» አለኝ።

«አባባ፣ ባንክ ባልገባስ?»

ልብሱን ቀስ አድርጎ አልጋው ላይ አኖረው። «ሰው የሚመኘውን አግኝተህ ምን ፍለጋ ነው የምትዞረው?» አለ።

በማግሥቱ ወደ ሐጂ ኑሪ ሄድሁ። የታወቁ የበርበሬ ነጋዴ፣ የአባቴም ወዳጅ ናቸው። ከመጋዘናቸው ደጃፍ ላይ አገኘኋቸው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሐጂ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም፣ የወልዴ ልጅ። ተቀመጥ።»

የመጣሁበትን ነገርኋቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ገንዘቤን ወስዳችሁ በየዓመቱ ይህን ያህል እንከፍልሃለን የምትሉ ከሆነ ወለድ ነው። አልነካውም።»

«አይደለም፣ ሐጂ። ፋብሪካው ካተረፈ ያተርፋሉ፤ ከከሰረም አብረው ይከስራሉ።»

ኪሳራ ማንሳቴ የሚያስበረግጋቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው ፈታ አለ።

«እንዲያ ከሆነ ሽርክና ነው፤ እሱን እኛም እናውቃለን። ፋብሪካዎቹ የምን የምን ናቸው?»

«ጨርቃጨርቅ አለ፣ ስኳር አለ…» እዚህ ላይ ዝም ብል አያውቁም ነበር። «ቢራም አለበት፣ ሐጂ።»

«ሳትደብቅ ነገርከኝ፤ አላህ ይስጥልኝ። እኔ ግን አልገባም። እዚህ ገበያ ውስጥ ብዙው ሰው የሚልህም ይህንኑ ነው።»

ወደ ቤት መሄድ አቃተኝ። በርበሬው እያስነጠሰኝ ገበያውን ስዞር ዋልሁ። በመልሱ ጉዞም ሐሳቤ አልረጋ አለ፤ አንዴ ወደ ባንኩ፣ አንዴ ወደ አቶ ዘውዱ እያጋደልሁ አዲስ አበባ ገባሁ። ሰኞ ጠዋት አባቴ ለባንኩ ያሰፋልኝን ልብስ ለብሼ ወጣሁ። እግሬ ግን ወደ አቶ ዘውዱ ቢሮ ወሰደኝ።

«ማንን ይዘህ መጣህ?»

«ማንንም» አልሁ፤ ሐጂ ያሉኝንም አንድ በአንድ ነገርኋቸው። «ቢራ የሌለበት ድርሻ ለብቻው ቢኖረን ይገቡ ነበር።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «በየጠቅላይ ግዛቱ ሰው ልኬ ነበር። ሁሉም ሕዝቡ አልገባውም እያሉኝ ተመለሱ። ለምን እምቢ እንዳለ ሰምቶ የመጣልኝ አንተ ብቻ ነህ። ነገ ሥራ ግባ።»

እንደተባለውም ሌላ ድርሻ ተዘጋጀ። ሐጂ ኑሪ ራሳቸው አዲስ አበባ መጥተው ጨርቃጨርቅ ፋብሪካውን ተዘዋውረው አዩና ገቡ። ግን አልቆየም። ለውጡ መጥቶ፣ ጃንሆይ ወርደው ፋብሪካዎቹ ሲወረሱ ኩባንያችንም ተዘጋ። ባንክ የገቡት ጓደኞቼ ሥራቸው ላይ ቀሩ፤ እኔ ቡታጅራ ተመልሼ ከአባቴ ጋር ጨርቅ ሸጥሁ። አልቆጨኝም ብል እዋሻለሁ። ባንኩን መርጬ ቢሆን ኖሮ አይቆጨኝም ነበር ብልም ያው ውሸት ነው።

ይህን ሁሉ ለሣራ ልነግራት አስቤ ተውሁት። አይዞሽ፣ ይጠሩሻል ማለትም ከበደኝ፤ ምን አውቃለሁ?

«መመለስ ያቃተሽ ጥያቄ ነበር?» ብዬ ብቻ ጠየቅኋት።

የበረንዳው በር ላይ ቆመች። ከዚያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ትነግረኝ ጀመር።