ቀዩን ማስጠንቀቂያ ያለፍኩት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ ጾም መግደፌን ሁሉ ዘርዝሬ እዚህ ጋ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። ለልጄም አልነገርኩም። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ ጽሕፈቴም አያምርም። ግን አፌ እምቢ ያለውን እጄ ይሞክረው ብዬ ተቀመጥኩ። የምታነቡት ፍረዱኝ።

የራሔልን ላፕቶፕ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የጋሽ ሳህሌን ምርቃት ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ራሔል ልጄ የሠርግ ቪዲዮ ትቀርጽና ታቀናብር ነበር። ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ያለችው ቤታችን ሰፊ አይደለችም፤ ከአልጋዬ እግርጌ ጠረጴዛ አስገብታ ነበር የምትሠራው። የጎረቤታችን የእትዬ ብርነሽ ልጅ ዳዊት ሲያገባም የቀረጸችው እሷ ናት። በመልሱ ቀን አባትየው ጋሽ ሳህሌ ተነሡና ሙሽሮቹን በጉራጊኛ መረቁ። ዕድሜያቸውን በንግድ ያሳለፉ፣ ሰው ፊት አማርኛ ብቻ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። በእናታቸው ቋንቋ ሲመርቁ ልጆቻቸው ራሳቸው የሰሙት ያን ቀን ነው። ታዳሚው በሙሉ ቆሞ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ አሜን ይል ነበር። በምርቃት ሰዓት ስልክ የሚይዝ እጅ የለም። ጭፈራውን ሁሉም ቀርጾታል፤ ምርቃቱን የያዘው የራሔል ካሜራ ብቻ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ሳህሌ ታመው ዐረፉ። ካሜራው ላይ የነበረው ለሌላ ሠርግ ቦታ እንዲለቅ ተደምስሷል። የሠርጉ ቪዲዮ ገና ተሠርቶ ለቤተሰቡ ስላልተሰጠ ድምፃቸው የቀረው ላፕቶፑ ውስጥ ብቻ ነው። ራሔል ይህን ታውቃለች፤ ስለዚህ ቅጂ የምታስቀምጥበት ሐርድ ዲስክ ልትገዛ አየር ጤና ሄደች።

ስትወጣ መዝሙር ከፈተችልኝ።

«እማዬ፣ ቀይ ነገር ከመጣ እጅሽን አንሺና ደውይልኝ። ምንም እንዳትጫኚ።»

«እኔ ምን አውቄ እጫናለሁ?»

«እሱን እኮ ነው የምፈራው፤ ሳታውቂ የምትጫኚውን!» ብላ ስቃ ሄደች።

ከመዝሙሩ ጎን አንድ ማስታወቂያ ነበር። ካናዳ ሠራተኛ ትፈልጋለች፣ ምዝገባው በነፃ ነው ይላል። የራሔል ዓይን መቅላቱን፣ ጀርባዋ መጉበጡን፣ የሰው ሠርግ ስታሳምር የራሷ መቅረቱን አሰብኩና ተጫንኩት። ወዲያው ቀይ ነገር ስክሪኑን ሞላው። አንቲቫይረስ የሚሉት ነው። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ቫይረስ የምትለዋን ብቻ ለየሁ። ከሥሩ ደግሞ ያ የካናዳው ገጽ በአማርኛ «አይሥጉ፤ ፎርሙ የሚከፈተው ማስጠንቀቂያውን ሲያልፉት ነው» ይላል። የት የት እንደምጫን በቀስት አሳይቶኛል። ጠባቂው በማላውቀው ቋንቋ ጮኸብኝ፤ ሌባው በቋንቋዬ አባበለኝ። እኔ ማንን ሰማሁ? የጋዝ ሲሊንደሩን ሳልዘጋ ቀረሁ ይሆን ብዬ ከታክሲ ፌርማታ የምመለስ ሴት፣ ቀስቱን እየተከተልኩ አንድ በአንድ ተጫንኩ።

ፎርሙ አልተከፈተም። ስክሪኑ ጨለም ብሎ ተመለሰ። ያኔ ስልኬ እጄ ላይ ነበር። አልደወልኩም። መዝሙሩን መልሼ ከፈትኩና የጣቴን አሻራ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ። ያላወቀ ሰው አሻራ ይጠርጋል?

ራሔል ስትመለስ «ምንም አልተፈጠረም?» አለችኝ። ምንም አልኳት። አንድ ቪዲዮ ተሠርቶ እንዲያድር ላፕቶፑን ክፍት ትታ ተኛች፤ ቅጂውን ጠዋት ልታደርገው። ጠዋት አንድም ፋይል አልከፈት አላት። ሁሉም ተቆልፎ፣ ክፈሉ የሚል ጽሑፍ ብቻ ተቀምጧል።

ጥገና ቤት አብሬያት ሄድኩ። ባለሙያው ነካክቶ ራሱን ነቀነቀ።

«አንቲቫይረሱ እኮ ይዞት ነበር። ልቀቀው ያለው ሰው ነው። ቀይ ሲመጣ ገጹን ዘግቶ፣ ኢንተርኔቱን ቆርጦ፣ የያዘውን እንዲያጠፋ መተው ነበር። ከዚያ ሙሉውን ማስፈተሽ።»

«አሁንስ?» አለች ራሔል።

«አሁንማ ሲቆልፍ አድሯል። ብትከፍሉም መክፈታቸውን እንጃ። ማታውኑ ብታመጡት ኖሮ ብዙው ይተርፍ ነበር።»

ማታውኑ። ከሁሉ የገደለኝ ይህ ቃል ነው። መጫኔ አለማወቅ ይሁን። ማታ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እራት ስበላስ?

ራሔል ወደ እኔ ዞረች። «እማዬ፣ የነካሽው ነገር አለ?»

«መዝሙር ብቻ» አልኳት።

አመነችኝ። «እንግዲያው ቫይረሱን ያመጣው ከጓደኛዬ የተቀበልኩት ፕሮግራም ነው፤ የተሰረቀ ነበር» አለች። እኔም «እሱ ነው እንጂ! ስንቴ ነግሬሻለሁ!» አልኩ። አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም።

ዳዊት ሲሰማ አበደ። አባቴን ሁለት ጊዜ ቀበርኩት አለ። የእድር ሽማግሌዎች ገቡ፤ ራሔል እንደ ጥንቱ ደንብ ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ እንድትጠይቅ ተባለ። ልጄ ድንጋዩን ጫንቃዋ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ደፍታ፣ በሰው ሁሉ ፊት እነእትዬ ብርነሽ ግቢ ገባች። እኔ ከእድርተኛ ሴቶች ጋር ቆሜ አየሁ። እትዬ ብርነሽ ሮጠው ድንጋዩን አወረዱላት።

«ኧረ በሕግ! ሕፃን ልጅ በድንጋይ? አንቺስ ብትሆኚ እንዴት አስቻለሽ? እናት አይደለሽም?» አሉኝ።

እኔ ምን አልኩ? «ያጠፋ ይቀጣ፣ እትዬ» አልኩ። እግዚአብሔር ይህን አፍ አየው። ያጠፋ ይቀጣ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሥራ የሚሰጣት ጠፋ፤ ሰው የሠርጉን ቪዲዮ ለምን ያምናታል? አሁን አስኮ አንድ ካፌ ውስጥ ካሸር ናት። ሠርግ ስትጠራ አትሄድም።

ይህን የምጽፈው በቅርቡ የዳዊት ልጅ ክርስትና ስለተነሣ ነው። ዳዊት ሕፃኑን ታቅፎ «ራሔል፣ አንቺ ስታቀናብሪው ደጋግመሽ ሰምተሽዋል፤ ከአባዬ ምርቃት ትዝ የሚልሽ ነገር አለ?» አላት። እትዬ ብርነሽም «እኔማ ያን ቀን በደስታ ምኑን ሰማሁት» አሉ። ራሔል ጉራጊኛ አትችልም። ግን ዓይኗን ጨፍና፣ በጋሽ ሳህሌ ዜማ፣ ትርጉሙን የማታውቀውን ቃል አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረች። ቋንቋውን የሚያውቁት እትዬ ብርነሽ ያቃኗታል። ሰው ሁሉ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። መሀል ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ከዚህ በኋላ ያለው ጠፋኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የኔ ጥፋት ነው» ብላ አለቀሰች።

ግማሽ ምርቃት ነበር። እኔም ከሰው ጋር እጄን ዘርግቼ አሜን አልኩ።

ለልጄ ብዬ ነው አልልም። አልተማርኩም አልልም፤ እውነት ለመናገር ፊደል አያስፈልግም። ፈርቼ ነው፤ ልጄ እንዳትንቀኝ ፈርቼ እሷን አስናቅኋት። ዛሬ ከሥራ ስትገባ እነግራታለሁ። ከዚያ ብቻዬን እትዬ ብርነሽ ቤት እሄዳለሁ። የምፈራው ራሔል እናቴ ናት ብላ ቶሎ እንዳትምረኝ ነው።

እናንተም ቶሎ አትማሩኝ። ልጄ ባላጠፋችው ጥፋት ይቅርታ ለምናለች። የፈረዳችሁባት ሁሉ መጀመሪያ እሷን ይቅርታ ጠይቋት። የኔ ይቆይ።